የስኳሩ እርሾ

ትርሲት ስኳሩን የምታፈላው ጠዋት ነበር፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ሳይከር፣ የከዚራ ዛፎች ጥላ ገና በመንገዱ ላይ ረዝሞ ተኝቶ ሳለ። ስኳር፣ የሎሚ ጭማቂና ጥቂት ውሃ በወፍራም ድስት ትጥድና እሳቱን ዝቅ አድርጋ ትጠብቃለች። ቀለሙ ወደ ማር ሲያደላ፣ የሎሚው ሽታ ከሚያርረው ስኳር ሽታ ጋር ተደባልቆ ጠባቧን ክፍል ሲሞላት፣ በማንኪያ ጫፍ ጠብታ አንስታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትጥላለች፤ ጠብታዋ ሳትበታተን በጣቶቿ መሀል ከተለጠጠች ደርሷል። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነው። እስኪበርድ መጠበቅ፣ በእጅ እያሹ ማለስለስ፣ የደንበኛዋን ገላ በፓውደር ማድረቅ፣ ጸጉሩ ከሚተኛበት በተቃራኒ መለጠፍ፣ ቆዳውን በግራ እጅ ወጠር አድርጎ ይዞ ጸጉሩ ወደሚተኛበት በአንድ ጊዜ መንቀል።

ለሚጠይቋት ሁሉ የምትለው አንድ ዓይነት ነበር። ምላጭ አታስነኪው፤ ጸጉሩ የሩዝ ፍሬ እስኪያክል ታገሺ፤ ከመምጣትሽ በፊት ገላሽን በሻካራ ፎጣ ቀስ ብለሽ እሺው፤ ከተሠራሽ በኋላ ሙቅ ውሃና ጠባብ ልብስ ይቅርብሽ። ይህን የጠበቀች ሴት ለሳምንታት ለስልሳ ትቆያለች። የትርሲት ደንበኞች ግን ከዚያም በላይ ይቆዩ ነበር።

የምትሠራበት ክፍል ከነዒማ የጸጉር ቤት በስተጀርባ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ የእንጨት መስኮቱ ከረፋድ ጀምሮ ለሙቀቱ ሲባል የሚዘጋ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የጣራ ማራገቢያና በጥግ በኩል የተዘረጋ አረንጓዴ መጋረጃ ያለው። ከፊት ለፊት የጸጉር ማድረቂያው ይጮኻል፣ ሴቶች ይሳሳቃሉ። ወደዚህ ሲዘልቁ ድምፁ ሁሉ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስላል።

«አንቺዬ፣ ምን ትጨምሪበታለሽ?» ትላታለች ነዒማ በሩን ገፋ አድርጋ። «ወላሂ ቀመሩን ሳትነግሪኝ እንዳትሞቺ።»

«ሎሚ ነው።»

«ሎሚማ እኔም ቤት አለ። ባሌ ግን እንደ ጃርት ትወጊያለሽ ይለኛል።»

ትርሲት ፈገግ ትልና ስኳሩን ማሸቷን ትቀጥላለች። ነዒማም ከባልቴት አፍ ምስጢር ማውጣት እንደማይቻል ታውቃለችና እየሳቀች ትመለሳለች።

የምትጨምርበት ነገር ነበር። ሟቹ ባሏ ሲራክ የባቡር መካኒክ ነበር። ጉበቱን ታሞ በተኛ ጊዜ ጉሉኮስ ለመስጠት ክንዱን ደጋግመው ይወጉት ነበር፤ መርፌውን የያዘው ፕላስተር በተላጠ ቁጥር የክንዱን ጸጉር ይዞ ይነሳል። ስለ በሽታው አማርሮ የማያውቀው ሰው በዚህ ፊቱን ያጨማድድ ነበር። እሷም አንድ ቀን በቆርቆሮ ለስላሳ ስኳር ይዛ ሄደችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ግራ ክንዱን ከአንጓው እስከ ክርኑ አጸዳችለት።

«ልትድሪኝ ነው እንዴ?» አላት።

«ዝም በልና ክንድህን ዘርጋ።»

«ቀስ በይ እንጂ። ሴቶቹ ይህን ችለው ነው ደግሞ የሚያመሰግኑሽ?»

የክንዱ ጸጉር መልሶ ለመብቀል ጊዜ አላገኘም። ከሐዘኑ በኋላ ዘመዶቹ እንደ ወጉ ልብሱን ለነዳያን ሰጡ፤ መፍቻዎቹን ወንድሞቹ ወሰዱ። እሷም አንዳች ነገር ስጡኝ አላለችም፤ ሲያለቅሱ አብራ አለቀሰች፣ ሲሄዱ በር ድረስ ሸኘቻቸው። የቀረላት በቆርቆሮዋ ውስጥ ያለው ድብልብል ስኳር ነበር፣ ጥቋቁር ጸጉሮቹ በውስጡ እንደተኙ። ስኳሩ እየቆየ ደረቀ፣ ከዚያም ጉንዳኖች አገኙት። ትርሲት ጉንዳኖቹን አንድ በአንድ አራግፋ፣ ሌላ የምታደርገው ቢጠፋት፣ ከአዲስ ስኳር ጋር አቀለጠችው። ሊጥ ሲያልቅ ከሥሩ ጥቂት አስቀርቶ ለሚቀጥለው ማቡኪያ ማድረግ በዚህ አገር የማታውቅ ሴት የለችም፤ የእርሷም እጅ ሳታስበው ያንኑ አደረገ። ከቀለጠው ጥቂት አስቀረች፣ በሚቀጥለው ጨመረች፣ ከዚያም ጥቂት አስቀረች።

በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምራለች። ስኳር ሊጥ አለመሆኑን፣ እርሾ እንደማይሻ፣ በሚቀጥን ነገር ውስጥ የመጀመሪያው ነገር እያነሰ እያነሰ እንደሚሄድ ታውቃለች። ሆኖም እያነሰ የሚሄድ ነገር አለ እንጂ የለም አይባልም ብላ ራሷን አጽናናች። ችግሩ የትኛው ድብልብል ውስጥ እንዳለ አለማወቋ ነበር። ስለዚህ ሌላ ሠራተኛ የምትጥለውን፣ የተሠራበትንና የደንበኛ ጸጉር የሞላውን ስኳር አንዱንም መጣል አልሆነላትም። ሁሉንም ከመጋረጃው ጀርባ በተቀመጠ አፈ ሰፊ ማሰሮ አጠራቀመችው። ጠዋት ጠዋትም ከዚያ ቆንጠር አድርጋ፣ አቅልጣ፣ በወንፊት አጥልላ ለአዲሱ እርሾ ታደርገዋለች። እፍረቱ ሲሰማት ሲራክን እየጣልኩት አይደለም ትላለች፤ እፍረቱም ይተዋታል።

ባንክ ቤት የምትሠራው ሰናይት ከፋሲካ በፊት እግሯን ተሠርታ ነበር። ከክረምቱ በኋላ ስትመጣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ እግሯን አልጋው ላይ ዘረጋችው።

«ሥራ አሳጣሁሽ» አለች። «እይው፣ አንድ እንኳ አልወጣም።»

ትርሲት እጇን በሰናይት ቅልጥም ላይ አሳለፈች። ቆዳው ልስልስ ብቻ አልነበረም፤ የወንዝ ውሃ ለብዙ ዘመን እንደዳሰሰው ጠጠር ነበር። እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ባለፈው ጊዜ እዚያ ላይ የልጅነት ጠባሳ ነበር፣ ሰናይት ከአጥር ስትዘል ሚስማር የቧጠጣት። ሁለቱም ስቀውበት እንደነበር ታስታውሳለች። አሁን ግን ምንም የለም። የተሳሳትኩት በእግሩ ይሆናል ብላ ሌላውንም ዳሰሰች። ያም ልስልስ ነበር።

«እንግዲያው ብብትሽንና ሆድሽን እንሥራ» አለች።

ሌላ ቀን እትዬ ጥሩወርቅ መጡ፤ ከጎንደር ከመጡ ወዲህ ዕድሜያቸውን ሁሉ እዚህ የኖሩ፣ አንገታቸው ላይ በልጅነታቸው የተነቀሱት ሰማያዊ ንቅሳት ክብ ክብ ሆኖ የተደረደረ ሴት። አገጫቸው ላይ የሚበቅለው ጸጉር እያሳፈራቸው ነበር። ትርሲት አገጫቸውንና ከሥሩ ያለውን ሠራችላቸው። ስኳሩን ስታነሳ ሰማያዊ ቀለም በውስጡ እንደ ጢስ ተጠምዝዞ አየች፤ ከአንገታቸውም ላይ የላይኛው መስመር አልነበረም። እትዬ ጥሩወርቅ አንገታቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። መስታወት አልጠየቁም።

«ቀለለኝ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም፣ «እናቴ ነበረች ይዛ ያስነቀሰችኝ። ስሟ ማን ነበር?» አሉ። ትርሲትን የጠየቁ መስሏት ልትመልስ አፏን ከፈተች። እርሳቸው ግን መጋረጃውን ነበር የሚያዩት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። የጣራው ማራገቢያ እየዘገየ፣ እየዘገየ ቆመ፤ ከፊት ያለው የጸጉር ማድረቂያም ዝም አለ። በተዘጋው መስኮት ስንጥቅ ከምትገባው ቀጭን የብርሃን መስመር በቀር ክፍሉ ጨለማ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የተኛ ሰው ምራቁን ሲውጥ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማች። ስኳር በሙቀት ሲላላ አየር ያወጣል፤ ይህንንም ታውቃለች። ክዳኑን አነሳች። የሎሚው ሽታ አልነበረም። በእርሱ ፋንታ የጋለ ብረት፣ የናፍጣና የሳሙና ሽታ ከማሰሮው አፍ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ሲራክ ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ ታጥቦ የማይለቀው ሽታ። በስንጥቁ ትንሽ ነፋስ ገባ። በማሰሮው ውስጥ ያለው ቡናማ ገጽ ብርድ እንዳገኘው ገላ ከዳር እስከ ዳር ችፍ ችፍ አለ።

ቆማ አየችው። ነፋሱ ሲያልፍ ችፍታው ቀስ በቀስ ተመልሶ ተኛ። መሮጥ ነበረባት፣ ነዒማን መጥራት ነበረባት። እሷ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችና በማሰሮው ላይ አለበሰችው።

ከዚያ በኋላ ሥራው በዛ። በነዒማ ቤት የተነቀለ ጸጉር አይመለስም ተብሎ በከተማው ተወራ፤ ሴቶች ከሳቢያን ሰፈርም ከመጋላም መጡ። ትርሲት ሠራች፣ የተሠራበትን ሰበሰበች። ማሰሮው የሚገባውን ያህል አይሞላም ነበር፤ የገባው ሁሉ ወደ ውስጥ እየጠበቀ፣ እየጠነከረ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ገጹ ላይ ጸጉር አየች። ተኝቶ የነበረ ሳይሆን የበቀለ ጸጉር ነበር። ከጫፉ እየተነሳ ወደ መሀል የሚዞር አዙሪት ሠርቷል፣ ልክ ከሲራክ የእጅ አንጓ በላይ የነበረውን አዙሪት። የስንት ሴት ጸጉር መሆኑን እያወቀች በጣቷ ደባበሰችው። ሞቃት ነበር።

ሰናይት ተመልሳ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ትርሲትዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። እንዳትስቂብኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«መታወቂያ ላወጣ ሄጄ መሣሪያው ጣቴን አላነብም አለ። ጣትሽን አስቀምጪ ይሉኛል፣ አስቀምጫለሁ እኮ። ሌላ ጣት ይሉኛል። ሁሉንም ሞከሩ። ስልኬም አያውቀኝም።» እጇን ዘረጋች። የጣቶቿ ጫፍ አንድም መስመር አልነበረውም።

ትርሲት ጣቶቿን ሠርታላት አታውቅም። እንደዚያ ልትላት ነበር፤ ሰናይት ግን ሸሚዟን ከቀሚሷ አውጥታ ወደ ላይ ሰበሰበች።

ስትወልድ ሆዷን የተቀደደችበት ረዥም ጠባሳ ጠፍቷል። ከእርሱ በላይ፣ እምብርቷ የነበረበት ቦታ፣ እንደ ሌላው ሆዷ ሁሉ ሜዳ ነበር።

ከፊት በኩል ነዒማ ለአንዷ ሴት ቀልድ እየነገረች ነበር፤ ሳቁ በግድግዳው አልፎ ይመጣል።

«ሐኪም ቤት ሄድሽ?»

«ምን ብዬ?» ሰናይት ሸሚዟን አወረደች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፣ የሚያስፈራውም ያ ነበር። «አያመኝም። ሌላ ነው የሚገርመኝ። ልጄን ሳቅፈው የጎረቤት ልጅ ይመስለኛል። ደህና ልጅ ነው እላለሁ፣ እናቱ የት ሄዳ ነው እላለሁ።»

ስትሄድ ትርሲት ማሰሮውን ከፈተች። በቡናማው ገጽ መሀል፣ ከጸጉሩ አዙሪት ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ክብ ጉድጓድ ነበር፤ ውስጡ በደንብ የታሰረ ቋጠሮ። ቋጠሮው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። በደንብ ካላዩት የሚተነፍስ አይመስልም።

ልትጥለው ወሰነች። በጠራራው ፀሐይ ማሰሮውን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋ ባጃጅ ተሳፈረችና ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውሰደኝ አለች። በየመንገዱ ጉድጓድ ማሰሮው ጭኗ ላይ እየተንገዳገደ ሆዷን ይደገፋል። ባለባጃጁ በመስታወቱ አያት።

«እናት፣ ፊቱን ሸፈን አድርጊው እንጂ። ይቺ ፀሐይ ለሕፃን አትሆንም።»

«ሕፃን አይደለም።»

ሰውየው እንደገና በመስታወቱ ተመለከተ፣ ነጠላው የተከፈተበትን ቦታ። ከዚያ ወዲያ እስኪደርሱ ድረስ ወደ ኋላ አላየም፤ ሲደርሱም ሒሳቡን ሳይቀበል ሄደ።

ወንዙ ደርቆ ሰፊ አሸዋ ብቻ ነበር። በወዲያኛው ዳር ፍየሎች የተጣለ ካርቶን ይበላሉ። ትርሲት ተንበርክካ አሸዋውን በእጇ ማሰች፤ ማሰሮውን ለማዘንበል ስታነሳው ክብደቱ ወደ እርሷ ዞረ። ሲራክ በመጨረሻዎቹ ቀናት ክንዱን ለማንሳት አቅም ሲያጣ ጭኗ ላይ የሚያሳርፈው እንዲያ ነበር፤ ሙሉ ክብደቱን፣ ምንም ሳይል። አንድ ጊዜ ቀብራዋለች። ሰው ባሏን ሁለት ጊዜ እንዲቀብር የሚያዝ ማን ነው? አሸዋውን መልሳ ሞላች፤ ነጠላውን አስተካከለች። ማሰሮውን ታቅፋ ወደ ክፍሉ የተመለሰችው በእግሯ ነው።

ሆኖም ለራሷ ቃል ገባች። ከእንግዲህ ከእርሱ ቆንጥሬ በሰው ገላ ላይ አላደርግም፤ ከሰው ገላም ለእርሱ አልጨምርም። አዲስ ድስት፣ አዲስ ወንፊት ገዛች። በንጹህ ስኳር መሥራት ጀመረች፤ የተሠራበትንም ሁሉ ጣለች።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት ነዒማ ብዙ ሳይቆይ። «ሴቶቹ በቀለ እያሉ ነው።»

«ጸጉር እኮ ይበቅላል፣ ነዒማ።»

«እሱንማ ከባሌ ሰምቼዋለሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ግን እየከሳ ሄደ። ገጹ ሰረጎደ፤ ጸጉሩ ስትነካው በጣቷ ላይ ቀረ። ሽታው ቀጠነ፣ የቋጠሮው እንቅስቃሴ አንዳንዴ ይጠፋና አንገቷን ደፍታ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ ይመለሳል። በሆስፒታሉ አልጋ አጠገብም እንዲሁ ነበር የጠበቀችው። ያኔ የምታደርገው አልነበራትም። አሁን ምን ማድረግ እንደምትችል ታውቃለች። ጠዋት ጠዋት ንጹሁን ስኳር ስታፈላ ጀርባዋን ለመጋረጃው ትሰጣለች።

ቃልኪዳን የመጣችው ከሠርጓ በፊት ባለው ሳምንት ነው። የሲራክ እህት ልጅ ናት። አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ ሲራክ ነበር ያሳደጋት ማለት ይቻላል። እርሱ ሲታመም ከትምህርት ቤት በቀጥታ እየመጣች እግሩን ታጥበው ነበር። ትርሲት እሷ እንደምትመጣ ከሰማች ጀምሮ ክፍሉን ደጋግማ ወልውላለች፤ እጇን በሳሙናና በሎሚ አሽታለች፤ አዲሱን ድስት ከመጋረጃው ርቆ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች። በዚህች ልጅ ላይ ምንም እንዲደርስ አትፈልግም።

«አክስቴ፣ ያማል?»

«መጀመሪያው ብቻ። ወደ ጣራው እያየሽ ተንፍሺ።»

እግሮቿን በንጹሁ ስኳር ሠራቻት፤ ከዚያ ክንዶቿን። ልጅቷ በየመሀሉ እየጮኸች፣ በጩኸቷ እየሳቀች፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሚዜዎቿ ልብስ፣ እናቷ ከአማቷ ጋር በምግቡ ስለመጣላታቸው ታወራለች። ትርሲት የምትነቅልበትን ቦታ ሁሉ ወዲያው በመዳፏ እየተጫነች ታበርዳለች። ቆዳው ቀላ ብሎ፣ ጠባሳውንና ምልክቱን እንደያዘ፣ የሕያው ሰው ቆዳ ሆኖ ከእጇ ሥር ይቀራል። ብዙ ጊዜ ያልተሰማት ሰላም ተሰማት።

«አጎቴ ቢኖር» አለች ቃልኪዳን በድንገት፣ «እሱ ነበር እጄን ይዞ የሚያወጣኝ።»

«አዎ።»

«ከረባት ሲያስር ታስታውሻለሽ? አንገቱን እንደ ሰጎን አስግጎ።» አስግጋ አሳየቻት። እንባዋ እንዳቀረረ ሳቀች።

ትርሲት ቀና ብላ አየቻት። በልጅቷ ግራ ጉንጭ ላይ ትንሽ ስርጉድ ወጣ፤ በግራው ብቻ፣ ከከንፈሯ ጥግ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የሲራክ ሳቅ ሁልጊዜ የሚጀምርበት ቦታ። ትርሲት ያን ነገር ያየችው ለመጨረሻ ጊዜ በቆርቆሮው ቀን ነበር። ፎቶዎቹ ሁሉ ኮስተር ያሉ ናቸው፤ ሲራክ ለካሜራ አይስቅም ነበር።

ቃልኪዳን ሳቋን ስታቆም ስርጉዱ ጠፋ። ከመጋረጃው ጀርባ ትንሽ ድምፅ ተሰማ፣ ምራቅ የመዋጥ ድምፅ፤ ከዚያ ረዥም ጸጥታ። ትርሲት ድምፁ እስኪመለስ ጠበቀች። አልተመለሰም።

«ፊቴንም ትሠሪልኛለሽ አይደል?» አለች ልጅቷ። «ጉንጬ ላይ ያለው ቀጭን ጸጉር ሜካፑን አያስይዝም አሉኝ።»

ትርሲት በእጇ የነበረውን ንጹህ ስኳር ቀስ ብላ ወደ ድስቱ መለሰች። እጇን በፎጣ ጠረገች።

«ይሄ ለፊት አይሆንም» አለች። «ለፊት ሌላ አለኝ።»

«ይቆያል?»

«ይቆያል።»

መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች፤ ክዳኑን ስታነሳ አልዘገየችም። ስትመለስ በመዳፏ ውስጥ ያለው ቁራጭ በቀጭኑ ብርሃን ጥቁር ይመስል ነበር፤ ቃልኪዳንም ሽታውን ስባ፣ የምታውቀው ነገር እንደሆነ ሁሉ ዓይኗን ጨፈነች። ትርሲት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ የልጅቷን ፊት በፓውደር አደረቀች፣ ግራ ጉንጯን በሁለት ጣት ወጠር አድርጋ ያዘች፣ ከዚያም ለሕፃን በሚናገሩበት ለስላሳ ድምፅ፣ «እስቲ አንዴ ሳቂልኝ» አለቻት።